አንቲባዮቲክ ታዞልኛል፤ ማጥባቴን ላቁም?

ፋርማሲስት ነኝ። ከሚያጠቡ እናቶች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ዛሬ የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። ከመድኃኒቱ ስም ጋር የልጁን ዕድሜ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚለውጠው እሱ ነው።

ለጉሮሮዬ አሞክሲሲሊን ታዘዘልኝ። ልጄ 4 ወሯ ነው። ጎረቤቴ «እስክትጨርሺ የዱቄት ወተት ስጫት» አለችኝ።

አታቁሚ እህቴ። አሞክሲሲሊን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም በትንሹ ነው፤ በክብደት ተሰልቶ አንቺ ከምትወስጂው 1 በመቶ ገደማ። ለጤነኛ ሕፃን በአብዛኛው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይስማማል ይባላል። ይኸው መድኃኒት እኮ ለሕፃናቱም በሽሮፕ ይታዘዛል። ሰገራዋ ትንሽ ሊቀጥን ይችላል። ምላሷ ላይ ስትጠርጊው የማይለቅ ነጭ ነገር፣ ሽፍታ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ ግን አሳያት።

ጡቴ ቀልቶ አብጧል፣ ያተኩሰኛል። ክሎክሳሲሊን ጀምሬያለሁ። ልጄ የታመመውን ጡት ቢጠባ አይጎዳውም?

በጊዜው ተወልዶ ጤነኛ ከሆነ አይጎዳውም፣ መድኃኒቱም ይስማማዋል። የሚጎዳው በድንገት ማቆሙ ነው፤ አንቺን። አንዲት እናት «ወተቱ ተበክሏል» ስለተባለች 3 ቀን በዚያ ጡት ሳታጠባ ቆይታ መጣች። ጡቷ ድንጋይ ሆኖ ሸሚዟ ሲነካው እንኳ ትንሰፈሰፍ ነበር። መግል ቋጥሮ ስለነበር በመርፌ ተቀዳላት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ አንድ ሰው «አጥቢ» ቢላት ኖሮ ምናልባት እዚያ አትደርስም ነበር።

ስለዚህ እንደወትሮው አጥቢ። መጥባት እንቢ ካለ በእጅሽ እለቢው። አጥብቀሽ አትሺው፣ እብጠቱን ያብሰዋል፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያስታግስልሻል። በ2 ቀን ውስጥ ካልተሻለሽ ተመለሺ።

ልጄ ገና 9 ቀኑ ነው፣ ዓይኑም ቢጫ ነው። ለኔ ኮትሪሞክሳዞል ተሰጠኝ።

እንዳትጀምሪው፤ ዛሬውኑ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪ። እንደ ኮትሪሞክሳዞል ሰልፋ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት፣ ልጁን ቢጫ ያደረገውን ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ከያዘው ፕሮቲን ላይ ያላቅቀዋል፤ የተላቀቀው ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል። ያለጊዜው ለተወለዱና የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ላለባቸውም አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚተካው ሌላ መድኃኒት ስላለ ማጥባቱን አታቁሚ። ቢጫነቱ ራሱ ግን መታየት አለበት፤ ልጁን ይዘሽው ሂጂ።

ሜትሮኒዳዞልስ?

ይህኛው ከሌሎቹ በዛ ብሎ ወደ ወተት ያልፋል። በቀን 3 ጊዜ 400 ወይም 500 ሚሊግራም ሲሆን ብዙ ጊዜ ማጥባት ይቻላል፤ የወተቱ ጣዕም መረር ሊል ስለሚችል ልጁ ቢነጫነጭ አትደንግጪ። በአንድ ጊዜ 2 ግራም ከታዘዘልሽ ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማጥባት ማቆምን የሚመክሩ አሉ። ለነዚያ ሰዓታት አስቀድመሽ አልበሽ አስቀምጪ፣ ወይም በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ።

ዶክሲሳይክሊን የልጄን ጥርስ አያበላሽም?

እስከ 3 ሳምንት ለሚወሰድ አያሰጋም። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ስለሚይዘው ወደ ልጁ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ከዚያ ለሚረዝም ሌላ አማራጭ ጠይቂ።

እህቴ ያስተረፈችው ክኒን አለ፤ እሱን ልጀምር?

አይሆንም። የሷ መድኃኒት ያንቺን ሕመም ላያክም ይችላል፣ ግማሽ የቀረ ክኒንም ሙሉ ሕክምና አይደለም። ስትታከሚ ገና ከመቀመጥሽ «አጠባለሁ፣ ልጄ ይህን ያህል ዕድሜው ነው» በይ።