መዥገሩ አልጠነከረም፣ መድኃኒትህ ነው የቀጠነው

ጥያቄው ከሆለታ አካባቢ ነው። ጠያቂው ስድስት ዲቃላ ላሞች አሉት፤ በየሳምንቱ አሚትራዝ የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት ይረጫል። ባለ 16 ሊትር መርጫውን ሞልቶ፣ ሁለት ክዳን መድኃኒት ጨምሮ ስድስቱንም ያዳርሳል። የተረፈችውን አህያው ላይ ይደፋታል። አንድ ሰውዬም «መርፌ ወጋሁልህ» ብሎታል። ትንንሾቹ ሰማያዊ ግራጫ መዥገሮች ግን ተመልሰው ይመጣሉ። «መድኃኒቱን ለመዱት ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አህያህን ተዋት። አሚትራዝ ለጋማ ከብት አይሆንም። አንጀታቸውን ያስረዋል።

ወደ ላሞቹ ስንመጣ ዓይኔ ያረፈው ክዳኗ ላይ ነው። እኔ ጋ ያለውን ክዳን በሲሪንጅ ለካሁት፤ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ያዘ። ሁለት ክዳን 12 መሆኑ ነው። 12.5 በመቶ የሆነው አሚትራዝ ደግሞ ለ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ለ16 ሊትር 32 ማለት ነው። ከግማሽም በታች እየሰጠሃቸው ነው። ውሃውም አይበቃም። አንድ ትልቅ ላም ቢያንስ 5 ሊትር ትፈልጋለች። ጀርባዋ ርሶ ጆሮዋ፣ ጭራዋ ሥርና ብሽሽቷ ከደረቀ አልረጨሃትም።

ጓንት አድርገህ በሲሪንጅ ለካ። የጠርሙሱ ጽሑፍ ሌላ መጠን ካለ እሱን ተከተል። በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ጽሑፍ ሳይኖረው የሚሸጠውን አትግዛ። ከታለበ በኋላ፣ ከጠጉሩ በተቃራኒ እርጭ። የገበያው ርካሽ መርጫ አፉ ቶሎ ይበላሽና ያንጠባጥባል፤ ሦስት ጥያለሁ። በሦስተኛው ቀን ጭራዋን አንስተህ እይ። በልኩ ተረጭቶም በሕይወት ካሉ ያኔ ለምደዋል። ሐኪም አማክረህ ዓይነቱን ቀይር እንጂ ሁለት መድኃኒት አትቀላቅል። የተቃጠለ ዘይት መቀባትም ቆዳዋን ከመላጥ ሌላ ጥቅም የለውም። «መርፌ ወጋሁልህ» ያለህ ሰውዬም አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ከሆነ የወጋው፣ ለምትታለብ ላም አይሰጥም ነበር።

አሁን የምወዳትን ነገር ላውራ። ላሞችህ ላይ ያለው የመዥገር ዓይነት ከጩጬነት እስከ ትልቅነት አንዲት ላም ላይ ይኖራል፤ 3 ሳምንት ያህል። እንስቷ ደም ጠጥታ እንደ ባቄላ ስትነፋ ትወድቅና መሬት ላይ ወደ 2,000 እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ትሞታለች። የተፈለፈሉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ናቸው። ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው፣ የፊት እግራቸውን ዘርግተው ላም እስክታልፍ ይጠብቃሉ። ወር፣ ሁለት ወር፣ ሲቀዘቅዝ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንተ ላሟን ስታጥብ ብዙው መዥገር መስኩ ላይ ነው ያለው። ላሟ ላይ የወጣው ደግሞ ለማደግ 3 ሳምንት ስለሚፈጅበት በየሳምንቱ መርጨት አያስፈልግም። በልኩ፣ በ3 ሳምንት አንዴ ከረጨህ እንቁላል ሳይጥሉ ታገኛቸዋለህ።

ግጦሹን ለሁለት ክፈለው። አንዱን ለሁለት ለሦስት ወር ድርቆሽ አብቅልበት። ስታልብ የተነፉትን ልቀምና ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨምር፤ በጥፍርህ አታፍርጥ። ከስድስቱ አንዷ ሁልጊዜ ከሌሎቹ በልጣ የምትወረር ካለች፣ ስትሸጥ ከእሷ ጀምር። ጥጃዋንም ለዘር አታስቀር።

ለስድስቱ 30 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሙሉ መርጫ ያስፈልግሃል። ትንሽ ቢተርፍ በጣም ለምትወረረው ላም ድገምላት። ለነገ አይቀመጥም፣ ወንዝም አይደፋም። አህያህ ላይም፣ ደግሜ እልሃለሁ፣ ጠብ እንዳይል።