ስለ ፎርሴፕስና ቫኪዩም ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሬዎች፣ አዋላጅ ነኝ፣ ዛሬ ተረኛ አይደለሁም ስለዚህ በምጥ ጊዜ ስለሚገቡ መሳሪያዎች ታሪክ ጠይቁኝ። ፎርሴፕስ የልጁን ጭንቅላት ግራና ቀኝ ይዞ የሚስብ እንደ ሁለት ማንኪያ ያለ ብረት ነው፣ ቫኪዩም ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ አየር ተስቦ የሚጣበቅ ኩባያ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር ፎርሴፕስን ማን ሰራው?

መልስ፦ ቻምበርሌን የሚባሉ ቤተሰብ ናቸው፣ በ1569 በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ። ከመቶ ዓመት በላይ ደበቁት! የኛ መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ለልጁ ብቻ እንደሚያሳየው በሉት። በ1670 ሂዩ የሚባለው ሊሸጠው ፓሪስ ሄደ፣ ሞሪሶ የሚባል ትልቅ ሐኪም እስቲ እንይህ ብሎ ዳሌዋ በጣም የጠበበ ምጥ የያዛት ሴት ሰጠው፣ ሦስት ሰዓት ታገለ አልወጣም፣ ሴትየዋም ሞተች። እኔን የሚያናድደኝ መውደቁ አይደለም፣ ስንት እናት ሊያድን የሚችል ነገር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ መክረሙ ነው። በ1813 ኤሴክስ ውስጥ ከድሮ ቤታቸው ወለል ስር ተገኘ።

ጥያቄ፦ ከዛ በፊትስ?

መልስ፦ መንጠቆ። ልጁ ሞቶ እናቲቱን ለማትረፍ ነበር። ሌላውን አልነግራችሁም፣ ምሳ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቫኪዩም ተወልዶ ጭንቅላቱ አብጧል፣ አማቴ ብረቱ ጎዳው ትላለች

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ኩባያው የሳበበት ቦታ ያብጣል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሟሽሻል። ግን እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ልጁ ከገረጣ ወይ ጡት እምቢ ካለ ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ። ቫኪዩምን በ1849 ሲምፕሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ሞክሮት አልያዘለትም፣ በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ሐኪም ማልምስትሮም ነው በብረት ኩባያ ያስለመደው፣ አሁን የፕላስቲክም አለ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን እያለ መጎተት ምንድነው?

መልስ፦ ጭንቅላቱ ታች ወርዶ ከተቀረቀረ በኋላ በሆድ በኩል መልሶ ማውጣት ራሱ ከባድ ነው፣ ልጁ ደግሞ ከታፈነ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ዝም ብሎ ሁለት ሦስት ቀን በማማጥ ደግሞ ጭንቅላቱ ፊኛዋን ተጭኖ ይቆይና ፊስቱላ ይመጣል፣ ማለት ሽንት ሳይቆም የሚፈስበት ቀዳዳ። ዳሌዋ ካልበቃ ግን ኦፕራሲዮን ነው፣ የሞሪሶዋን ሴት አስቧት።

ጥያቄ፦ እኔ አዘዞ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ ይሄ ነገር ለኛም የሚሆን ስራ ይመስላል ሃሃ

መልስ፦ ሳቅ አይደለም ወንድሜ! ኦዶን የሚባል የአርጀንቲና መኪና መካኒክ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቡሽ በፕላስቲክ ከረጢት ሲወጣ አይቶ የልጅ ጭንቅላት በአየር የሚይዝ ከረጢት አስቧል፣ ሆስፒታል ውስጥም ተሞክሯል። ግን አንተ መጀመሪያ የኔን መኪና ፍሬን አይልኝ።