ሁለት ኤስ ሲደርስህ ታደባለህ ወይስ ትመታለህ? ጥያቄና መልስ

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር ጠንካራ ካርታ ይዞ ደካማ መምሰል፣ ማለትም ማድባት፣ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ዛሬ የቀረበልኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። በብዛት የምናገረው ስለ 1/2 ዶላር የካዚኖ ገበታ ነው (ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ 1 እና 2 ዶላር በግድ ያስይዛሉ፤ ይህ ብላይንድ ይባላል)፤ ብዙ ሌሊት ያሳለፍኩት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ኤስ ደርሶኝ ሬይዝ ሳደርግ (ውርርዱን ከፍ ሳደርግ) ሁሉም ይጥላል። 3 ዶላር ብላይንድ ሰብስቤ እቀራለሁ። ዝም ብዬ በ2 ዶላር ብገባስ?

ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። ሁለት ኤስ የሚደርሰው በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው። በሰዓት 30 እጅ ያህል ቢታደል ሰባት ሰዓት የጠበቅከው ካርታ ነው። ነገር ግን ያለህ ገና አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ 85 በመቶ ያሸንፋል። ሦስት ሰው ሲገባበት ወደ 64 ይወርዳል፣ አምስት ሲሆኑ ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። በ2 ዶላር መግባት በር ከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ ግቡ እንደማለት ነው።

ገንዘቡንም ቁጠረው። በፊትህ 200 ዶላር አለ እንበል። 12 ብለህ ሁለት ሰው ቢከተልህ ፖቱ (መሃል የተሰበሰበው ገንዘብ) ከብላይንዱ ጋር 39 ይሆናል። ፍሎፕ ላይ (ሦስቱ የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ) 25 ብለህ አንዱ ቢቀር 89፤ ተርን ላይ (አራተኛው ሲገለጥ) 60 ብለህ ቢከተልህ 209። እጅህ ላይ የቀረው 103 ሪቨር ላይ (በአምስተኛውና በመጨረሻው ካርታ) የፖቱ ግማሽ ስለሆነ ሳይከብድ ይገባል። በ2 ዶላር አምስት ሰው ሲገባ ግን ፖቱ 10 ብቻ ነው። 8፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 50 ብለህ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ቢከተልህም አንተ በጠቅላላው ያስገባኸው 80 ነው። ቀሪው 120 ፊትህ እንደተደረደረ ይቀራል።

ሁሉም የሚጥልብህ ደግሞ ሬይዝ የምታደርገው ኤስና ኪንግ ሲደርስህ ብቻ መሆኑን ስላወቁብህ ይመስለኛል። በኤስ-ኩዊንም በሁለት ስምንትም ያንኑ 12 ዶላር በል፤ ያኔ የሚከተልህ አታጣም።

ጥያቄ፦ አንተስ አድብተህ ተበልተህ ታውቃለህ?

አዎ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለት ኤስ ይዤ በ2 ዶላር ገባሁ፤ ከኋላዬ ሬይዝ የሚያደርግ ይኖራል ብዬ ነበር። አንድም አልነበረም፣ አምስት ሆነን ፍሎፕ አየን። 9-8-5 ወጣ። ትንሹ ብላይንድ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቼክ አሉ (ሳይወራረዱ አሳለፉ)፣ እኔ 8 ዶላር አልኩ፣ እሳቸው ቺፓቸውን በሁለት ጣት እየገፉ 30 አደረጉት። እየተከተልኩ ሄጄ ሪቨር ላይ ያለኝን ሁሉ አስገባሁ። የገለጡት 9-5 ነበር፤ ፍሎፕ ላይ ሁለት ጥንድ ሠርተው ነበር። 12 ዶላር ብዬ ቢሆን ኖሮ ያንን ካርታ ወዲያው ይጥሉት ነበር። ለመግባት ግን 1 ዶላር ብቻ ነበር የጎደላቸው፣ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጆኒ ቻን እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም የፖከር ሻምፒዮናን አድብቶ አይደለም ወይ ያሸነፈው?

ልክ ነው፣ የመጨረሻዋ እጅ እንደዚያ ናት። ግን ምን ይዞ እንደነበር እይ። ከኤሪክ ሳይድል ጋር ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ቻን ጃክና ዘጠኝ ይዟል፣ ፍሎፑ ኩዊን-10-8 ነው። ስትሬቱ (አምስት ተከታታይ ካርታ) ተጠናቋል፤ በዚያ ፍሎፕ ላይ ከእሱ የሚበልጥ እጅ የለም። ሳይድል ኩዊን አጣምሮ መሪ መስሎት ነበርና በመጨረሻ ያለውን ሁሉ ሲያስገባ ቻን ተቀበለው። አንድ ሰው ብቻ፣ ያለቀ እጅ፣ የሚገፋ ተጋጣሚ፤ ሦስቱም ተሟልተው ነበር። ሰባት ሰው በተሰበሰበበት ገበታ ላይ በባዶ ጥንድ ማድባት ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በኪንግና በኩዊንስ?

እነሱ የባሱ ናቸው። ሁለት ኪንግ ስትይዝ ፍሎፕ ላይ ኤስ የሚወጣው 23 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ኩዊን ስትይዝ ከእሷ የሚበልጥ ካርታ የሚወጣው 41፣ ሁለት ጃክ ስትይዝ 57 በመቶ። ኤስ-ሦስት የያዘውን በርካሽ አስገብተህ ኤስ ሲወጣ ምን ልታደርግ ነው? አስቀድመህ አስከፍለው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ከፍሎፕ በፊት በጭራሽ አይደባም?

ይደባል፣ ቦታው ጠባብ ነው እንጂ። ከኋላህ የተቀመጠው ሰው በ2 ዶላር የገባ ባየ ቁጥር ሬይዝ የሚያደርግ ከሆነ ግባና ጠብቀው፤ እሱ ሲያነሳ አንተ ደግመህ ታነሳለህ። ውድድር ላይ የትልቁን ብላይንድ 12 እጥፍ ይዘህ ትልቁ ብላይንድ ላይ ብትሆንና በተን (የአዳዩ ቦታ) ላይ ያለው ያገኘውን ሁሉ የሚያነሳ ቢሆን፣ የቀሩት ጥለው ሁለታችሁ ብቻ ስትቀሩ ኮል ማድረግ (ሳያነሱ መከተል) ጥሩ ነው። ሬይዙ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ደግሞ በተለይ ከእሱ በኋላ የምትጫወት ከሆነ ኤስ ይዘህ ኮል ብትል፣ ሊያታልል የመጣው ሰው ቀጥሎ ይገፋልሃል።

ጥያቄ፦ እኔ የምቸገረው ፍሎፕ ላይ ሦስት አንድ ዓይነት ሲሠራልኝ ነው። ላድባ ወይስ ልግፋ?

እህቴ፣ ተጋጣሚሽ የሚፈልገውን ካርታ ማን እንደያዘው እዪ። ሁለት ኤስ ይዘሽ ፍሎፑ ኤስ-7-2 ከሆነ ኤሶቹን ሦስቱን አንቺ ይዘሻል፤ የሚከፍልሽ ሰው ምንም የለውም። እዚህ ቼክ በይ፣ አንድ ነገር ያጣምር። በዚያው ፍሎፕ ላይ ሁለት ሰባት ከያዝሽ ግን ኤስ የያዘ ሰው ሊኖር ይችላልና ግፊ፤ ኤስ ያጣመረ ሰው በቀላሉ አይጥልም። ፍሎፑ 10-9-8 ሆኖ ሁለቱ ልብ ከሆኑማ ምንም አትጠብቂ። ሁለት ልብ የያዘው በሚቀጥለው ካርታ ብቻ ፍላሽ (አምስት ተመሳሳይ ምልክት) የመሙላት ዕድሉ 19 በመቶ ነው፣ ስትሬት የሚጠብቀውን ሳንቆጥር። በነፃ አታሳዪው።

ጥያቄ፦ 12 ዶላር ብዬም አራት ሰው ቢከተለኝስ?

እንግዲያው ለገበታህ 12 ዶላር ርካሽ ነው፤ 15 አድርገው፣ 18 አድርገው። በእኔ ገበታ 20 ብዬ ሦስት የተከተሉኝ ሌሊት አለ።