ዕዳ ሲያገረሽ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት እህቴ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሼ ነበር። አሁን ተመልሼ ገብቼበታለሁ፤ መጠኑም ካለፈው ይበልጣል። ባለቤቴ ግማሹን እንኳ አያውቅም። የቤት ወጪ ቀንሼ ልከፍል አስቤያለሁ፤ ከምኑ ልጀምር? ሁለተኛ ጊዜ የገባበት ሰውስ ይወጣል?» ነው ያልሽው።

ይወጣል። እኔ ከአምስት ዕዳ አንድ ቀርቶኛል። እሱም ቢሆን አምስት ወር ነው የሚቀረው። ታሪኩ ግን ረጅም ነው፤ ታገሺኝ።

የመጀመሪያውን ዕዳዬን በ22 ወር ነው የከፈልኩት። እንዴት አድርጌ መሰለሽ? ሁሉን ነገር ቆርጬ። ልብስ የለ፣ መዝናናት የለ፣ እንግዳ የለ። አንድ ጊዜ ልጄ ልደት ተጠርታ ስጦታ መግዣ ስለጨነቀኝ «አሞኛል በያቸው» ብያታለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እውነት የታመመች መስላ ተኝታ ዋለች። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። የመጨረሻዋን ክፍያ በከፈልኩ በሳምንቱ ታዲያ ለራሴ ሽልማት ብዬ ሶፋ ገዛሁ። በብድር አይደለም፣ በእጄ በነበረው ገንዘብ ነው። ግን ያቺ ብቻ ነበረች እጄ ላይ የነበረችው።

አራት ወር አልቆየም። መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ተበላሸ፤ ተበደርኩ። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፤ ተበደርኩ። ከዚያ ጥርሴ። አየሽ፣ አንዱም ቅንጦት አይደለም። አንዱም ደግሞ ዱብ ዕዳ አይደለም። ማሽን ይበላሻል፤ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይከፈታል፤ ጥርስም ያማል። በጀቴን ስሠራ ግን በየወሩ የሚመጣውን ብቻ ነበር የምጽፈው። እኔን መልሶ የከተተኝ የወር ወጪ ሳይሆን የዓመት ወጪ ነው። ስለዚህ ምን ልቁረጥ ከማለትሽ በፊት ያገረሸብሽ በምን እንደሆነ ለይተሽ እወቂ። ያለፉትን ብድሮችሽን አንድ በአንድ አስታውሺና ከጎናቸው «ለምን ነበር?» ብለሽ ጻፊ። የእኔን ስጽፍ ከአምስቱ አራቱ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ያንቺ ከቁማር ወይም ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ከሆነ የእኔ ምክር መጀመሪያ ላይ ብዙም አይጠቅምሽም። ያኔ ከቤት ወጪ የምታተርፊው ሁሉ ወደዚያው ነው የሚፈሰው። ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፣ ለራስሽም የባለሙያ እርዳታ ፈልጊ፤ ቁጠባው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጉዳይ ልምጣ። ይሄ ላይ ስለተቃጠልኩ ረዘም አደርገዋለሁ።

እኔ ለባለቤቴ የነገርኩት አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ገጽ ገልብጬ በጀርባው አራት ዕዳ ጻፍኩለት። ለማን፣ ስንት፣ መቼ የሚከፈል። እርሳሱ በእጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሮቹ ሁሉ ጠመም ጠመም ብለዋል። ዝም ብሎ አየው፣ አየው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ይሄ ብቻ ነው? የቀረ የለም?»

የለም አልኩት።

ነበረ። በስልክ አፕ የወሰድኳት ትንሽ ብድር። ከሌሎቹ አንጻር ኢምንት ናት፤ ከደመወዜ እከፍላታለሁ፣ እሱ ሳያውቅ ታልፋለች ብዬ ነው። በነጋታው እናቱ ጋ ሊደውል ስልኬን ተቀብሎኝ እንደያዘ «የክፍያ ጊዜዎ አልፏል» የሚል መልእክት ገባ። አልጮኸብኝም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያች ቀን በኋላ ለብዙ ወራት ደረሰኝ ባሳየሁት ቁጥር ሁለት ጊዜ ያየው ነበር። አራቱን ትልልቅ ዕዳዎች በአንድ ማታ ይቅር ያለኝ ሰውዬ፣ ያቺን አምስተኛዋን ለመርሳት ዓመት ፈጀበት።

ስለዚህ ስትነግሪው ሁሉንም ንገሪው፤ በአንድ ጊዜ። ከጎረቤት የተወሰደችውንም፣ ከሥራ ባልደረባ የተበደርሻትንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ነው። አንቺ ብቻሽን የቤት ወጪ ልቀንስ ብትይ ደግሞ እሱ ምክንያቱን ስለማያውቅ «ምን ነካሽ?» እያለ ነው የሚኖረው። ሁለት ሰው በሚያወጣበት ቤት አንዱ ብቻ አይቆጥብም።

ከዚያ ሒሳብ። ወለድ ወለድ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ይወልዳል። 100 ሺህ አለብሽ እንበል፣ በዓመት ከመቶ 24 ወለድ። በወር ከመቶ 2 መሆኑ ነው። በየወሩ 2,500 ብትከፍዪ፣ በመጀመሪያው ወር 2,000ው ለወለዱ ይሄድና ከዋናው የሚቀነሰው 500 ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ለመጨረስ 82 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ከቤት ወጪ 1,000 አውጥተሽ ክፍያውን 3,500 ብታደርሺው ግን 43 ወር ይበቃል። በጠቅላላው ከ50 ሺህ በላይ ወለድ ይቀርልሻል ማለት ነው። እኔ ይህን ወረቀት ላይ ሳየው ነው «ትንሽ ቁጠባ ምን ዋጋ አለው» ማለቴን ያቆምኩት።

በስልክ የሚገኙትን ፈጣን ብድሮች በተለይ ተጠንቀቂያቸው። «ለአንድ ወር ከመቶ 5 ብቻ» ሲልሽ ቀላል ይመስላል። በየወሩ እያደስሽው ከሄድሽ ግን በዓመት ከመቶ 60 እየከፈልሽ ነው። እኔ መጀመሪያ የዘጋሁት እሱን ነው፤ ዘግቼም አፑን ከስልኬ አጠፋሁት። ማታ ማታ እጄ ብቻውን ወደዚያ ይሄድ ነበርና።

የቱ ይቅደም ለሚለው፣ በሒሳብ ከሄድሽ ወለዱ ከፍ ያለው ነው የሚቀድመው። ለሌሎቹ አነስተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈልሽ የተረፈሽን ሁሉ እሱ ላይ ትጥያለሽ። ትንሹን ዕዳ አስቀድመው የሚጨርሱም አሉ፤ አንድ ስም ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ጉልበት ይሰጣል። እኔ ከአፑ ቀጥሎ የከፈልኩት ምንም ወለድ የሌለውን የጎረቤቴን ነው። ሒሳብ አዋቂ ይስቅብኛል። ግን በደረጃው ላይ ባገኘኋት ቁጥር የሌለ ስልክ አወራ ነበር፤ ከዚያ መገላገሉ ለእኔ ከወለድ በላይ ነበር። አንቺም የምታውቂው የራስሽን ነው። ከሁሉም በፊት ግን የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራትና ውሃ፣ ወደ ሥራ የምትሄጂበት ትራንስፖርት። አበዳሪው ስለጮኸ ብቻ ከእነዚህ አትቀንሺ። መክፈል እንደማትችዪ ካወቅሽ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ሄደሽ ንገሪያቸው። ጊዜው ይራዘምልኝ፣ ክፍያው ይቀነስልኝ ብሎ መጠየቅ ሳያልፍ ሲሆንና ካለፈ በኋላ ሲሆን ሌላ ነው። እኔ አንዱን አበዳሪ ቀድሜ አናግሬ አራዘመልኝ፤ ሌላውን ተደብቄው ቅጣት ጨመረብኝ። ጊዜ ሲራዘም የወለዱ ድምር እንደሚጨምር ግን አስቢበት።

የቤት ወጪው ላይ ስንመጣ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ትንንሾቹ ላይ ሙጭጭ ብዬ ነበር። መብራት አጥፉ እያልኩ ልጆቹን ሳሯሩጥ እውል ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፦ 10 ዋት አምፖል 100 ሰዓት በርቶ የሚወስደውን መብራት፣ 2,000 ዋት የውሃ ማሞቂያ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ነው በላተኛው። አሁን ማሞቂያው ከመታጠብ በፊት ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ አምፖል ላይ ግን አልጨቃጨቅም። የፍሪጁን በር ወረቀት አስገብተሽ ዝጊውና ሳቢው፤ ያለ ችግር ሸርተት ካለ ጎማው ላልቷል፣ ቅዝቃዜው እየወጣ ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧም አትናቂ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት የፈታው አንዲት የጎማ ቀለበት ናት።

ምግብ ላይ ለውጥ ያመጣው ርካሽ መብላት አይደለም፤ አለመጣል ነው። ለሁለት ሳምንት የምንጥለውን ሁሉ ጻፍኩ። የተበላሸ አትክልት፣ የደረቀ ዳቦ፣ ማንም ያልነካው የትናንት ወጥ። አፈርኩ። አሁን ገበያ ከመሄዴ በፊት ቁም ሳጥኑንና ፍሪጁን አያለሁ፣ ያለውን ጽፌ የጎደለውን ብቻ ይዤ እወጣለሁ። ርቦኝ አልሄድም፤ በባዶ ሆድ ሁሉም ነገር ያስፈልጋል። ጅምላ መግዛት ያዋጣል ይባላል፤ የሚያዋጣው ሳይበላሽ የምትጨርሺው ከሆነ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል፣ የማታዪው የቴሌቪዥን ክፍያ፣ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ነገር ካለ የሦስት ወር የባንክ መግለጫሽን አውጥተሽ በቀለም አስምሪበት። እኛ ሁለት አገኘን። አንደኛውን ማን እንዳስጀመረው እስካሁን አላወቅንም።

ሁሉን ቁረጪ ግን አልልሽም። የመጀመሪያው ጊዜ ያስተማረኝ ይሄ ነው። አሁን እኔም ባለቤቴም በየወሩ ማንም የማይጠይቀን ትንሽ ገንዘብ አለን፤ ልጆቹም ለልደት ስጦታ የተመደበች አለቻቸው። ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ጓደኞቼ «ዕዳ እያለብሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ ዕዳ እያለብኝ። ዕዳው ሲያልቅ ወደ ሶፋ መሸጫ የሚሮጥ የተጠማ ሰው እንዳልሆን ነው።

አሁን ዋናው። አንድ ወረቀት ላይ 12 ወር ጻፊ። በየወሩ ሥር በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚመጣውን አስቀምጪ፦ ትምህርት ቤት፣ በዓል፣ ሐኪም፣ የዕቃ ጥገና፣ ሠርግና ለቅሶ፣ ጫማ። ደምሪውና ለ12 አካፍዪው። ድምሩ 36,000 ቢመጣ በወር 3,000 ነው። ያ ገንዘብ እንደ ኪራይ ነው፤ ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ ይሄዳል፣ ካርዱም ቤት ይቀመጣል። መጀመሪያ ስሠራው ለዕዳ የሚቀረኝ በግማሽ ቀነሰና ልቤ ተሰበረ። ባለቤቴ ነው «ተይ፣ ይሄ እኮ ድሮም ነበረ፤ አትጽፊውም ነበር እንጂ» ያለኝ። ልክ ነው። በፊት ቶሎ የምከፍል ይመስለኝ የነበረው ከአንዱ እየከፈልኩ ከሌላው ስለምበደር ነበር።

ከዚህ ሌላ አንድ ጥገና የምትችል ያህል መጠባበቂያ፣ ዕዳውን ማጣደፍ ከመጀመሬ በፊት አስቀመጥኩ። ወለድ እየከፈሉ ገንዘብ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው የሚል ይኖራል፤ በወረቀት ልክ ነው። እኔ ግን ያቺ ባትኖር ባለፈው ዓመት ቧንቧው ሲፈነዳ ስድስተኛ ዕዳ እጽፍ ነበር። ቧንቧው ተሠራ፣ ሁለት ወር ለዕዳው ከአነስተኛው ክፍያ በላይ ሳልጨምር መጠባበቂያዋን መልሼ ሞላኋት፣ ከዚያ ቀጠልኩ። ማንም ጋ አልደወልኩም።

ማሽኑ፣ ያ የመጀመሪያው፣ ባለፈው ወር እንደገና ቆመ። ባለሙያው ዋጋውን ሲነግረኝ ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁት። እሱ ደብተሩን እያገላበጠ ነበር። «ጥገና የሚለው ላይ አለ» አለኝ።