የድሮ ዘመን ፊልም በትንሽ ብር፦ የመርቸንትና የአይቮሪ ነገር

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ፒያሳ ነው የምኖረው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ በጃንሆይ ዘመን የሚካሄድ ልብወለድ ወደ ፊልም መቀየር እንፈልጋለን፣ ግን ያናገርነው ፕሮዲውሰር ሁሉ የድሮ ዘመን ፊልም ብር ይበላል እያለ ይመልሰናል። መርቸንት አይቮሪ የሚባሉት የድሮ ዘመን ፊልም ሰሪዎች ያን ሁሉ አመት እንዴት ቻሉት? ከየትኛው ፊልማቸውስ እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እነዚህን ሰዎች በጣም ነው የምወዳቸው። ኢስማኤል መርቸንት የቦምቤይ ልጅ፣ ጄምስ አይቮሪ አሜሪካዊ፣ ኒውዮርክ ተዋወቁና በ1961 ድርጅታቸውን አቋቋሙ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሶስተኛዋ ሩት ፕራወር ጃብቫላ ናት፣ ጀርመን የተወለደች አይሁዳዊት፣ በ1939 ከነቤተሰቧ ሸሽታ እንግሊዝ የገባች፣ ከዛ ህንዳዊ አግብታ ዴልሂ የኖረች ደራሲ። የመጀመሪያ ፊልማቸው በራሷ ልብወለድ ላይ የተሰራው «ዘ ሃውስሆልደር» ነው፣ 1963፣ ያኔ እሷ ስክሪፕት ጽፋ አታውቅም፣ አይቮሪም ከዶክመንተሪ ውጪ ዳይሬክት አድርጎ አያውቅም።

ወደ ብሩ ልምጣ። በዛን ጊዜ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች ህንድ ውስጥ ያገኙትን ሩፒ ከሀገር ማስወጣት አይችሉም ነበር፣ መርቸንት ይቺን ነቃባትና ፊልሙን ኮሎምቢያ ለሚባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ በዛው በታሰረው ሩፒ ሸጠላቸው! ፕሮዲውሰር ማለት ለኔ እሱ ነው። ደግሞ ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ ካሪ እየሰራ ተዋናዩንም ቴክኒሺያኑንም ያበላ ነበር፣ ሰዉም በሌላ ቦታ ከሚከፈለው ባነሰ እየሰራ አብሮት ቆየ። ስቱዲዮ ውስጥ ቤት ከመገንባት የእውነት የድሮ ቤት ለምነው ይገቡ ነበር። የ1985ቱ «ኤ ሩም ዊዝ ኤ ቪው» 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የፈጀው፣ ለሆሊውድ ምንም ማለት ነው፣ ግን 3 ኦስካር በላ፣ አንዱ በአልባሳት።

እናንተም ጣይቱ ሆቴል አጠገባችሁ አለ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የቀሩ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ፣ ሄዳችሁ ባለቤቶቹን አናግሩ፣ የአያቶቻችሁን ሳጥንም አስከፍቱ፣ ካባና ጥልፍ ቀሚስ ከዛ አይጠፋም።

ከብሩ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የስራ ክፍፍላችሁ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ሁሉም ዳይሬክተር ካልሆንኩ ይላል። እነሱ በጣም ይጨቃጨቁ ነበር፣ ይጮሁ ነበር፣ ግን አንዱ ብር ያፈላልጋል፣ አንዱ ዳይሬክት ያደርጋል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ በዚህ መርቸንት በ2005 እስኪሞት ድረስ ከ40 አመት በላይ ዘለቁ። ጃብቫላ በስክሪፕት 2 ኦስካር ወስዳለች። አይቮሪማ በ89 አመቱ፣ በ2018 ነው ያገኘው፣ እሱም በስክሪፕት፣ ገርሞኝ አያልቅም።

«ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ»ን አስቀድሙ፣ 1993። ለ8 ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም፣ ለኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ኤማ ቶምሰን ምን እያነበብክ ነው ብላ ከአንቶኒ ሆፕኪንስ እጅ መጽሐፉን ጣት በጣት የምታላቅቅበት ቦታ አለ፣ እሱ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዞ ፊቷን ብቻ ያያል፣ ቃል አይተነፍስም። ሁለት ሰው፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ፣ በቃ። እሱን ደጋግማችሁ እዩትና ከዛ «ሃዋርድስ ኤንድ»ን ቀጥሉ፣ 1992።

ብቻ ስክሪፕት ከመጀመራችሁ በፊት የደራሲውን ቤተሰብ አናግሩ፣ በኛ ህግ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 አመት ይቆያል፣ ስምምነቱንም በጽሁፍ አድርጉት።