የልጄን ደም ለኬሚካል ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ዴይኬሯ መጥተው ነበር። ለአንድ ሳምንት የሲሊኮን አምባር ታድርግ፣ ሽንቷንም እንውሰድ አሉን። ሶፋና ፍራሽ በቀላሉ እሳት እንዳይዛቸው የሚጨመረውን ኬሚካል ልንለካ ነው ይላሉ። የእኛ ሶፋ አሮጌ ነው፤ እንደመጣን ሰው የሰጠን። ደነገጥኩ። ልስማማ? ወይስ ሐኪሟ ጋ ወስጄ ደሟን ላስመርምር?

መልስ፦ ቢስማሙ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። የደም ምርመራውን ግን ይተዉት።

መጀመሪያ ስለ ሶፋው። ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 1975 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ያወጣችው «ቲቢ 117» የሚባል ደንብ የሶፋ ስፖንጅ ለ12 ሰከንድ ነበልባል ሲነካው እንዲቋቋም ያስገድድ ነበር። ለፋብሪካዎች ቀላሉ መንገድ ስፖንጁ ውስጥ ኬሚካል መጨመር ሆነ። ገበያው ትልቅ ስለነበር ሌላ ግዛት የሚሸጠውም ሶፋ እንደዚያው ተሠራ። ይህ ኬሚካል ግን ስፖንጁ ላይ ታስሮ አይቀርም። ቀስ እያለ ይወጣና ከቤት አቧራ ጋር ይደባለቃል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ውሏቸው ወለል ላይ፣ እጃቸው አፋቸው ውስጥ ነው። ከእናታቸው ጋር አንድ ቤት እየኖሩ ከእሷ የበለጠ የሚገኝባቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መለካቱ። ዋናው ነገር እያንዳንዱ መለኪያ የሚነግረን የተለያየ ጊዜ ታሪክ መሆኑ ነው። ፒቢዲኢ የሚባሉት የቆዩት ኬሚካሎች ስብ ውስጥ ተከማችተው ለዓመታት ይቆያሉ፤ የሚለኩትም በደም ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ለሶፋ ስፖንጅ በብዛት የዋለው ዓይነት፣ አሜሪካ ውስጥ መመረቱ የቆመው በ2004 መጨረሻ ነው። በምትኩ የገቡት ፎስፈረስ ያለባቸው ኬሚካሎች በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣሉ። ስለዚህ የዛሬ ሽንቷ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ትናንት ነው። ትናንት አዲስ መኪና ውስጥ ረጅም መንገድ ከሄደች ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነው።

አምባሩ ከደሙና ከሽንቱ መሃል ላይ ይገባል፤ የሚናገረው ስላደረገችው ሳምንት ነው። ሲሊኮኑ አስቀድሞ ይጸዳል፤ ከዚያ ልጅቷ በሄደችበት ሁሉ ከአየር፣ ከአቧራና ከምትነካው ነገር ኬሚካሉን እየሳበ ይይዛል። በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ያንን አውጥተው ይለኩታል። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን 92 ልጆች መልምለው ለ7 ቀናት አምባር አስደርገዋል፤ በመጨረሻ ለውጤቱ የዋለው የ72ቱ ነው። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ከ2005 በፊት በተሠራ ቤት የሚኖሩና ቤታቸው ቶሎ ቶሎ ቫኪዩም የማይደረግ ልጆች ላይ ፒቢዲኢ በዝቶ ተገኘ። መርፌ የለ፣ ለቅሶ የለ። ሽንት በዳይፐር ለመሰብሰብ የሞከረ ወላጅ ጥቅሙን ያውቀዋል። ግን አምባሩ የሚለካው በዙሪያዋ ያለውን ነው እንጂ ሰውነቷ ውስጥ የገባውን አይደለም። ሽንቱን የጨመሩት ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ ሐኪሟ ደሟን ቢያስመረምር ምን ይገኛል? አንድ ቁጥር። ከዚህ በላይ ከሆነ ታማለች፣ ከዚህ በታች ከሆነ ደህና ናት የሚያሰኝ መስመር የለም። ኬሚካሉን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒትም የለም። ስጋቱ ግን የፈጠራ ወሬ አይደለም። በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች እዚያው ካሊፎርኒያ ያለውን የሳሊናስ ሸለቆ የእርሻ ሠራተኞችን ልጆች ተከታትለው በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከፍተኛ ፒቢዲኢ ከትኩረት ማነስና ከእጅ ቅልጥፍና መቀነስ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ይህ የሚታየው ግን ብዙ ልጆች ሲወዳደሩ ነው። ከአንዲት ልጅ ቁጥር ተነስቶ ስለ ነገዋ መናገር አይቻልም። «ዲቶክስ» እያሉ የሚሸጡልዎትን አይግዙ።

ከመፈረምዎ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ። ውጤቷን ይነግሩኛል? ሽንቱን ለምን ያህል ጊዜ ያስቀምጡታል? ለሌላ ጥናት ይጠቀሙበታል? ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ ማለት መብትዎ ነው፤ ሕጉም ያዛል። በማንኛውም ቀን ትተው መውጣት ይችላሉ፣ ምክንያት አይጠየቁም። ልጅቷ አምባሩን የምታኝክ ከሆነ ግን ይንገሯቸው።

ውጤቱን ሳይጠብቁ ግን እጇን ማስታጠብ ይጀምሩ። እኛ በእጅ ነው የምንበላው፤ ወለል ላይ ስትጫወት የዋለች ልጅ ሳትታጠብ ከእንጀራው ጋር አቧራውንም ትጎርሳለች። በሳሙናና በውሃ ይሁን። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳዋል። ቫኪዩም ካለዎት ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከሶፋው መቀመጫ ሥር ያለውን ወረቀት ይዩ። የድሮው ደንብ ስም፣ «ቲቢ 117» ብቻ ካለ ኬሚካል ሳይኖርበት አይቀርም። «ቲቢ 117-2013» ካለ አዲሱ ደንብ ነው፤ ከ2015 ወዲህ ለካሊፎርኒያ የተሠራ ከሆነ ኬሚካል መጨመር አለመጨመሩም ተጽፎበታል። ሶፋ ለመቀየር ዛሬውኑ ዕዳ ውስጥ አይግቡ። ስፖንጁ ተቀዶ የሚረግፍ ከሆነ ግን ጨርቁን ይስፉት ወይም ሶፋውን ያስወግዱት። ካርሲቷም ይህ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፤ ያለ ካርሲት መንዳት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ እንዳያስቡት።

የደም ምርመራ ካነሱ አይቀር እርሳስ መመርመሯን ይጠይቁ። እዚያ ላይ ቁጥሩ ትርጉም አለው። በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ከደረሰ ምንጩ መፈለግ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ2 ዓመት ይደረጋል፤ ካመለጣት አሁንም ይቻላል። ዓይኗን ኩል የሚቀቧት ከሆነ እሱንም ለሐኪሟ ይንገሩ፤ እርሳስ ያለበት ኩል አለ።