የማዕድ ቤት እድሳት ሲታቀድ የትኛው ውሳኔ ቀድሞ ይዘጋ?

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የማዕድ ቤታችሁ ንድፍ አልቋል፣ በጀቱም ተይዟል፤ ካቢኔት ሠሪው የመጨረሻውን ልክና ቀለም እየጠበቀ ሳለ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ግን ዛሬ የመረጣችሁትን የካውንተር ድንጋይ ነገ ከካቢኔቱ በሮች ጋር አይሄድም ትሉና ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። የራሳችንን ማዕድ ቤት ካሳደስን ወዲህ የዘመዶቻችንንም እድሳት በቅርብ ስለተከታተልሁ፣ ይህ መወላወል ከየት እንደሚመጣ የማውቅ ይመስለኛል፤ ውሳኔውን የጀመራችሁት ከመጨረሻው ጫፍ ነው። ቀለምና ድንጋይ ዓይን የሚስቡ ስለሆኑ ቀድመው ሐሳብን ይይዛሉ፤ ነገር ግን የተመሠረቱባቸው ጉዳዮች ገና ክፍት ስለሆኑ የትኛውም ምርጫ ሊጸና አይችልም።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል «ሐሳቤን ብለውጥ ምን ይፈርሳል?» በሚል ጥያቄ የሚመራ ነው። ወለል ወይም ግድግዳ የሚያስፈርስ ውሳኔ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ካቢኔት እንደገና የሚያስቆርጥ ይከተላል፤ በመፍቻ ወይም በብሩሽ የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ቢቀር ብዙም አይጎዳም።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ የሚቀድመው የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ቦታ ነው። ንጹሕ ውሃ በግፊት ስለሚመጣ ቧንቧው ወደተፈለገው አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ ፍሳሹ ግን የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው። በተለምዶ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅታ ስለሚሰጠው፣ ገንዳውን ካለበት 3 ሜትር ማራቅ መስመሩ እስከ መጨረሻው 6 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል ያስገድዳል፤ ይህን የሚችል ቦታ ከካቢኔቱ ጀርባ ካልተገኘ ደግሞ ወለሉን መስበር የግድ ይሆናል። ስለዚህ ገንዳው ባለበት ይቆያል ወይስ ይነሣል ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ ያስፈልጋል። አሁን ያለበት ቦታ ካላስቸገራችሁ እንዳይነካ እመክራለሁ፤ በዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለጠንካራ የመሳቢያ ሐዲድና ማጠፊያ ቢውል ጥቅሙ በየቀኑ ይታወቃል። ምድጃውም እንዲሁ ከጭስ መምጠጫው ጋር አብሮ ይወሰናል። መምጠጫው ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የአየሩን ፍሰት ስለሚገታ፣ ምድጃው ከውጭው ግድግዳ በራቀ ቁጥር መሣሪያው ድምፁ እየበዛ ሥራው ያንሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው ወደ ኋላ የሚያስቀምጠው ነው፤ ፍሪጁ፣ ምድጃውና የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ካቢኔቱ ከመታዘዙ በፊት እስከ ሞዴል ቁጥራቸው ድረስ መታወቅ አለባቸው። «60 ሴንቲሜትር የሚሆን ፍሪጅ» ብሎ ለካቢኔት ሠሪ መንገር በቂ አይደለም፤ አምራቹ በጎንና በላይ ለአየር መተላለፊያ የሚጠይቀው ክፍተት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚቆም ፍሪጅ ደግሞ በሩ በሚገባ ካልተከፈተ የውስጥ መሳቢያዎቹ አይወጡም። የሚያስፈልገው ልክ ሁሉ በመግጠሚያ መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ዕቃው ገና ባይገዛም መመሪያውን አስቀድሞ ማግኘት ይቻላል። ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሚሆን ሶኬት ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በአጠገቡ ካለው ካቢኔት ውስጥ ቢደረግ ይሻላል፤ አለበለዚያ ገመዱ ራሱ ማሽኑ ወደ ኋላ እንዳይገባ ይከለክለዋል፣ ለመንቀልም ማሽኑን ማውጣት ግድ ይሆናል። እነዚህ መመሪያዎች በእጃችሁ ሳይገቡ በካቢኔቱ ንድፍ ላይ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ።

ከዚያ የሰውነት ልክ ይመጣል። የተለመደው የካውንተር ከፍታ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም ከፍታው በማዕድ ቤቱ ውስጥ ይበልጥ ለሚሠራው ሰው መስተካከል አለበት። ክንድ ሲታጠፍ ከክርኑ በታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ካውንተር ለመክተፍ ይመቻል። አሁን ባለው ጠረጴዛ ላይ ጣውላ ደራርባችሁ፣ ቢላዋና መክተፊያ ይዛችሁ ለተወሰነ ጊዜ ብትሠሩበት፣ ወገባችሁ ከማንኛውም ንድፍ አውጪ የተሻለ መልስ ይሰጣችኋል። በሁለት ፊት ለፊት በሚተያዩ ካውንተሮች መካከል ለአንድ ሰው 105 ሴንቲሜትር ያህል፣ ሁለት ሰው አብሮ ለሚሠራበት ደግሞ 120 ሴንቲሜትር ያህል መተላለፊያ ያስፈልጋል፤ ይህንንም በወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ፣ የምድጃው በር ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ በካርቶን አስመስላችሁ ብትመላለሱበት፣ በወረቀት ላይ ያልታየው ሁሉ ይታያል። ማዕድ ቤታችን ጠባብ ነው ብለው በጽሑፍዎ ያነሡት ሥጋት ግን ብዙም ሊያስጨንቃችሁ አይገባም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት የመኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ዝነኛ ማዕድ ቤት ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱም 3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው የተያያዘ የካቢኔት አሠራርም ብዙውን ነገር የወረሰው ከእርሱ ነው። ጥበቱን የምታሸንፉት በጥልቅ መሳቢያዎች ነው፤ ዝቅተኛ ካቢኔት በበር ከሚዘጋ ይልቅ በመሳቢያ ቢሠራ ከኋላ ያለውን ዕቃ ለማውጣት መንበርከክ ይቀራል።

ኤሌክትሪኩ የሚወሰነው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ነው። ሶኬቶቹን በቁጥር ከመገመት ይልቅ በአንድ ጊዜ የሚሰኩትን ዕቃዎች ጻፉ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚስቡ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ያሉት የየራሳቸው መስመር ሊኖራቸው ይገባል፣ የሽቦውን ውፍረትም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይወስን። ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚገጠም መብራት ብዙዎች እንደ ጌጥ ያዩታል፤ እኔ ግን የግድ ነው እላለሁ። በጣሪያው መካከል ያለ አምፑል ሁልጊዜ ከጀርባ ስለሚመጣ፣ የሚሠራው ሰው ጥላ በመክተፊያው ላይ ያርፋል።

አሁን ወደተጨናነቃችሁበት ድንጋይ ልምጣ። እዚህ ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ውሳኔዎች አሉ፤ የድንጋዩ ዓይነትና ውፍረት አንዱ፣ መልኩ ሌላው። ውፍረቱ ዛሬ መታወቅ አለበት፤ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር መሆኑ የካቢኔቱን ቁመት ይለውጣልና። መልኩ ግን ሊቆይ ይችላል፤ ምክንያቱም የድንጋዩ ትክክለኛ ልክ የሚወሰደው የታችኛው ካቢኔት ተተክሎ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ስለ ዓይነቱ የምለው ይህ ነው፦ እምነበረድ ያምራል፤ ነገር ግን ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ በነኩት ቦታ ሁሉ የማይጠፋ ደብዛዛ ምልክት ይተዋል። ግራናይት ጠንካራና ሙቀትን የሚችል ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ግን ዘይት እንዳይመጥጡ በየጊዜው መከላከያ ሊቀቡ ይገባል። በፋብሪካ የሚሠራው ኳርትዝ ፈሳሽ የማይመጥጥና መከላከያ የማያስፈልገው ሲሆን፣ ድንጋዩን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ከእሳት እንደወረደ የሚቀመጥበትን ድስት አይወድም። እናንተ ቤት ድስቱን የሚያወርደው ሰው ማስቀመጫ የሚፈልግ ነው ወይስ ባገኘበት የሚያኖር? መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ምርጫውም በአብዛኛው በዚያ ይቆረጣል። ገንዳውና ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ድንጋዩ ሊቆረጥ ልክ ሲወሰድ በቦታው መገኘት እንዳለባቸውም አትርሱ፤ ቀዳዳው የሚወጣው በእነርሱ ልክ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም። ትልቅ ናሙና አምጥታችሁ በሚገጠምበት ግድግዳ ላይ አቁማችሁ፣ ጠዋት በቀን ብርሃን፣ ማታ ደግሞ በሚተከለው አምፑል እዩት፤ በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማየት ያታልላል። ሴራሚኩን ስትገዙ 10 በመቶ ያህል ጨምራችሁ፣ ሁሉንም ከአንድ የምርት ቁጥር ውሰዱ።

አንድ ውሳኔ ተዘጋ የሚባለው ልኩ፣ የሞዴል ቁጥሩና ቦታው በንድፉ ላይ ተጽፎ ሁለታችሁም ሠሪውም ስትፈርሙበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ የሚጨምረው ገንዘብና ቀን በጽሑፍ ሳይታወቅ ሥራው አይጀመር። ከበጀቱም ከ10 እስከ 20 በመቶ ግድግዳው ሲከፈት ለሚገኝ ያልታሰበ ነገር ይቀመጥ፤ ይህን ገንዘብ ለተሻለ ድንጋይ ማዋል የሚያጓጓ ቢሆንም አልመክርም። ከባለቤትዎ ጋር ያልተስማማችሁበትን በተመለከተ፣ በከፍታ፣ በመሳቢያና በሶኬት ጉዳይ ይበልጥ የሚሠራበት ሰው ድምፅ ይበልጥ፤ በመልኩ ላይ ደግሞ ሌላው የመጨረሻውን ቃል ቢይዝ፣ እኛ ቤት ይህ አሠራር ብዙ ክርክር አስቀርቷል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለካቢኔት ሠሪው የገንዳውንና የምድጃውን ቦታ፣ የዕቃዎቹን የመግጠሚያ መመሪያ፣ የካውንተሩን ከፍታና የድንጋዩን ውፍረት ስጡት። ሣጥኖቹን በዚህ መቁረጥ ይችላል። የበሮቹን ቀለም ሥራው ሳይዘገይ እስከ የትኛው ቀን ሊጠብቅ እንደሚችል ጠይቁትና ያንን ቀን በውሉ ላይ አስጽፉ።